ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደው ሃይላንድ፦ የአንድ ዕጩ መምህር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ የተመደብሁት እዚሁ ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን የማስተምረው ትምህርት ጄኔራል ሳይንስ ነው። ክፍሉ 46 ተማሪዎች አሉት። ከኮሌጅ የተሰጠን ሥራ አንድ ርዕስ መርጠን በቴክኖሎጂና በማኅበራዊ ሚዲያ ታግዘን እንድናስተምር፣ ያደረግነውንም በየጊዜው እየመዘገብን እንድናስረክብ ነው። አጋዥ መምህሬ የአየር ግፊትን መርጠውልኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ።

የአየር ግፊትን ለማስተማር ከደሴ የተመቸ ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኛ የምንኖረው በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም የምትገኘው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ መንገድ የተመላለሰ ተማሪ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጆሮው እንደሚደፈን ያውቃል፤ ነገር ግን ይህ የሚያውቀው ነገር መጽሐፉ ላይ «የአየር ግፊት» ተብሎ የተጻፈው ራሱ መሆኑን የነገረው የለም። ሐሳቤ እንግዲህ የሚከተለው ነው። ሁላችንም ሃይላንድ የምንለውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ደሴ ላይ ክዳኑን አጥብቄ እዘጋለሁ፣ ይዤው ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ በመንገድ ላይ የሚሆነውን እቀርጻለሁ፣ ቀረጻውንም በቴሌግራም ለተማሪዎቹ አደርሳለሁ።

እኔ ራሴ ከስልክ ብዙ ተምሬያለሁ። 12ኛ ክፍል ሳለሁ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ያገኘሁት ከቴሌግራም ቻናሎች ነበር፤ መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያ ሁሉ ጊዜ ተቀባይ ብቻ ነበርሁ፤ አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር መልሶ የሚሰማኝ ሰው ከወዲያ በኩል አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ አስቀድሜ ሚሞሪ ላይ ያስቀመጥሁት ብቻ በእጄ ቀረ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ሁለት ነገሮችን ለራሴ ጽፌያለሁ። የማዘጋጀው ትምህርት ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት፤ ተማሪውም መልሶ የሚናገርበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የእርሱ ስልክ የአየር ግፊት መለኪያ አለው፤ የእኔ የለውም። ፋይፎክስ የሚባለውን፣ በጀርመን አገር የአኽን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውንና በነፃ የሚገኘውን መተግበሪያ ጭነንበት ነበር። ደሴ መናኸሪያ ላይ 756 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) አነበብን፤ የባሕር ጠለል ግፊት 1,013 ስለሆነ እኛ ከዚያ ሦስት አራተኛ በሚሆን ግፊት ውስጥ እየኖርን ነው ማለት ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዘውን ሃይላንድ ዘግቼ ጉልበቴ ላይ አቆምሁት።

በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ምንም አልታየም። ሐረጎን አልፈን ጠመዝማዛውን መንገድ ስንወርድ ግን ከወገቡ በላይ ያለው ጎኑ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አውራ ጣት የተጫነው የሚመስል ስርጉድ ነበር፤ ከዚያም «ቋ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ሌላው ጎኑም ተከተለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት «ምን ነክቶት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። በውስጡ ያለው የደሴ አየር እንደሆነ፣ ወደ ታች በወረድን ቁጥር የውጭው አየር እየጠነከረ እንደሚገፋው ነገርኋቸው። ሃይላንዱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው አገላብጠው ካዩት በኋላ «እኛንም እንዲሁ ይገፋናል?» አሉ። ይህ ጥያቄ በቀረጻው ውስጥ ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ የቀረጽሁት ሃይላንዱንና የራሴን እጅ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ስልኩ 817 አነበበ። ክዳኑን ስከፍተው አየር «ሽው» ብሎ ገባና ፕላስቲኩ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ።

ጥቅምት 12

ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ቀረጻውን አቀናበርሁ፤ ሙዚቃና የሚንቀሳቀሱ ጽሑፎችም ጨመርሁበት። አራት ደቂቃ የሆነው ቪዲዮ 500 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ለአጋዥ መምህሬ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው ድረስ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ «መልካም ነው። ስልኩ ግን የማን ነው?» አሉኝ። የእኔን ስልክ የጠየቁ መስሎኝ «የእኔ ነው» አልሁ። እርሳቸው የጠየቁት ግን ስለሚያዩት ልጆች ስልክ ነበር። ለሦስት ዓመት ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ስማር ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም፤ በመምህርነት ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራዬን ከሥሩ አስጀመሩኝ።

ጥቅምት 15

ስም የማይጻፍበት ወረቀት አድዬ ተማሪዎቹን ሁለት ነገር ጠየቅኋቸው። አንደኛው በቤታችሁ ምን ዓይነት ስልክ አለ፣ የማንስ ነው የሚል ነበር። ከ46ቱ የራሳቸው ስልክ ያላቸው 3 ብቻ ናቸው፤ 25ቱ የእናት፣ የአባት ወይም የታላቅ ወንድምና እህት ታች ስልክ በቤታቸው ያገኛሉ፤ በ14ቱ ቤት ያለው በተን ስልክ ብቻ ነው፤ አራቱ ደግሞ የሚዋሱት ስልክ የላቸውም። ሁለተኛው ጥያቄ ስልኩ ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገባ የሚጠይቅ ነበር፤ እኔን ይበልጥ የጠቀመኝም ይኸኛው ነው። አብዛኞቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብለው መለሱ። አንዱ «አባቴ ሹፌር ስለሆነ ቅዳሜ ብቻ» ብሎ ጽፏል። አንዷ ደግሞ «ማታ ይመጣል፣ ግን ባትሪ የለውም» ብላ ጽፋለች።

በሌላ አነጋገር ለእነዚህ ልጆች ስልክ ማለት ማታ ላይ ለአንድ ሩብ ሰዓት የሚዋሱት የቤተሰብ ንብረት ነው። 500 ሜጋባይት ያለው ቪዲዮ ልልክ የነበረው የእናታቸውን የጥቅል ሂሳብ እንዲበላ ነበር ማለት ነው። ሙዚቃውም፣ የሚንቀሳቀሰው ጽሑፍም በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ለልጁ የሚጨምሩለት ነገር የለም።

ጥቅምት 20

ሥራውን እንደገና ጀመርሁ። የመጀመሪያው ትምህርት አሁን የአራት ደቂቃ ድምፅና ሦስት ፎቶዎች ሆኗል፤ ፎቶዎቹ ደሴ ላይ ያለውን፣ ሐረጎ ላይ የተጨማደደውንና ኮምቦልቻ ላይ የተከፈተውን ሃይላንድ ያሳያሉ። በቴሌግራም የሚቀዳ ድምፅ እጅግ ስለሚታመቅ አራቱ ደቂቃ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ፎቶዎቹንም አሳንሼ ሁሉንም ከሁለት ሜጋባይት በታች አድርጌዋለሁ። በተን ስልክ ላላቸው ደግሞ ድምፁን ወደ ኤምፒስሪ ለወጥሁት፤ የቪዲዮውንም ዋና ክፍል፣ ማለትም ፕላስቲኩ የሚሰረጉድባቸውን 40 ሴኮንዶች፣ በተን ስልክ ሊያጫውት በሚችለው በስሪጂፒ አነስተኛ መጠን አስቀመጥሁ። በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይም ስርጉዱ ጥሩ ሆኖ ይታያል።

እንዴት ላድርሰው የሚለውን የፈታልኝ ፒያሳ አካባቢ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ የሚጭን አንድ ወጣት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ፎልደር እንዲከፍትልኝ ስጠይቀው «ተማሪ ከሆነ ሒሳብ አልቀበልም» አለኝ። የትምህርቱን ፎልደር ከመንዙማው ቀጥሎ አስቀመጠው። ስልክ ለሌላቸው አራት ልጆች ደግሞ በእኔ ስልክ በዕረፍት ሰዓት አብረን እንሰማለን፤ ከትናንት ጀምሮ ስልክ ያላቸውም መጥተው ከበው መስማት ጀምረዋል።

ጥቅምት 26

በቴሌግራም ሁለት ነገር ከፍቼ ነበር፤ ትምህርቱ የሚለቀቅበት ቻናልና ልጆቹ በድምፅ የሚመልሱበት ግሩፕ። ወላጆች የሚፈርሙበት ወረቀት አስቀድሜ ልኬ የ26 ቤተሰቦች ፈቃድ መጥቶልኛል። አጋዥ መምህሬም በሁለቱም ውስጥ አሉ፤ ከአንድም ተማሪ ጋር ለብቻዬ በስልክ እንዳልጻጻፍ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። ግሩፑ ውስጥ የሚታየው ስም የእናት ወይም የአባት ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ ድምፁን ሲልክ በመጀመሪያ የክፍል ተራ ቁጥሩን ይናገራል።

ትናንት ሰኞ በ11 ሰዓት የመጀመሪያውን የምርጫ ጥያቄ ለቀቅሁ፤ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ የመለሱት አራት ብቻ ስለነበሩ ልቤ ወደቀ። ምክንያቱን ዛሬ ጠዋት የነገሩኝ ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። «መምህር፣ ሰኞ እኮ ገበያ ነው። ስልኩ ከእኔ ጋር ሰኞ ገበያ ይውላል፤ ስገባ ደግሞ ደክሞኝ እተኛለሁ» አሉኝ። ተወልጄ ያደግሁበት ከተማ ገበያ የሚቆምበትን ቀን ረስቼ የትምህርት ፕሮግራም አውጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ የሚለቀቀው ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጥቅምት 29

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ 21 መልስ መጣ። ጥያቄው ደሴ ላይ የተዘጋው ሃይላንድ ኮምቦልቻ ሲደርስ ለምን ይጨማደዳል የሚል ነበር፤ ምርጫዎቹም በውስጡ ያለው አየር ስላመለጠ፣ የውጭው አየር ግፊት ስለጨመረ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ፕላስቲኩን ስላለሰለሰው የሚሉ ነበሩ። 12ቱ ሙቀቱን መረጡ። በዚያው ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ «ገብቷችኋል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ብለውኝ ነበር። የምርጫ ጥያቄው የመራጩን ስም እንዳያሳይ አድርጌ ስላዘጋጀሁት ማንም የሚያፍርበት ሰው አልነበረም፤ ያሰቡትንም ነገሩኝ። «አዎ ቲቸር» ትሕትና እንጂ መልስ አለመሆኑን እኔም ተማሪ ሆኜ አውቀው ነበር፤ መምህር ሆኜ ስሰማው ግን አምኜው ነበር።

በዚሁ ሳምንት ያሳዘነኝ ነገርም ደርሷል። አንድ ልጅ የሌላ ተማሪን የተንተባተበ የድምፅ መልስ ከግሩፑ ወስዶ ለሠፈር ጓደኞቹ ግሩፕ ከሳቅ ስቲከር ጋር አስተላለፈው። የተላለፈበት ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት አልመጣም። ከአጋዥ መምህሬ ጋር ሆነን ሁለቱንም ልጆችና ወላጆቻቸውን አነጋገርን፤ አስተላላፊው ይቅርታ ጠየቀ፣ መልእክቱንም አጠፋ፤ ነገር ግን አንዴ የተሰማ ድምፅ አይመለስም። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ ውስጥ ያለ መልእክት እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ መከልከል ያስችላል። ይህን ገደብ በመጀመሪያው ቀን ማብራት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን የልጆቹ ድምፅ ያለበት ግሩፕ መልእክት እንዳይተላለፍበት ተዘግቷል፤ ትምህርቱ ያለበት ቻናል ደግሞ እንደፈለጉ ወስደው ለሌላ እንዲሰጡት ክፍት ሆኗል። ሁለቱን አንድ ላይ ባለማድረጌ ደስ ይለኛል፤ የመምህሩ ቃል ይሠራጭ፣ የልጁ ስሕተት ግን ከክፍሉ አይውጣ።

ኅዳር 3

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ የ11 ሴኮንድ ድምፅ ደረሰኝ። ልጅቷ ከኋላ በኩል በመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ናት፤ በክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። ከጀርባዋ የሳህን መታጠብ ድምፅና እናቷ «በይ ፍጠኚ፣ ባትሪው ሊዘጋ ነው» ሲሉ ይሰማል። ያለችው ይህ ነው፦ «ቲቸር፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል ተብለናል። ታዲያ ሃይላንዱ መነፋት ሲገባው ለምን ተጨማደደ?»

ደጋግሜ ሰማሁት። ያን የምርጫ ጥያቄ ከተሳሳቱት ልጆች ጀርባ የነበረውን ሐሳብ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፤ እኔ ደግሞ ባዘጋጀሁት ትምህርት ውስጥ ስለ ሙቀት አንዲት ቃል አልተናገርሁም። በእርግጥም ልክ ናት። ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እየሠሩ ናቸው፤ ግፊቱ ያጠበዋል፣ ሙቀቱ ያሰፋዋል። የሚያሸንፈውን ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል። ወዲያውኑ በግሩፑ ውስጥ «መልሱን አሁን አልነግራችሁም፤ ቅዳሜ ሄደን እንለካዋለን» ብዬ መለስሁላት።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሁለት አንድ ዓይነት ሃይላንዶች፣ ከፋርማሲ የገዛሁት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የተዋስሁት ቴርሞሜትር ይዘን ወረድን። ደሴ ላይ ስንዘጋቸው አየሩ 16 ዲግሪ ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ 25። የመጀመሪያውን በአካባቢው ሙቀት እንዳለ አፉን በባልዲ ውሃ ውስጥ ደፍቼ ክዳኑን ከፈትሁት። ፕላስቲኩ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ያጣውን ቦታ የሚሞላ ውሃ ስቦ አስገባ፤ ውሃውን በሲሪንጅ ስለካው 24 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሁለተኛውን ደግሞ ከአንድ ካፌ በለመንነው በረዶ 16 ዲግሪ ድረስ ባቀዘቀዝነው ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቆይቼ በዚያው ከፈትሁት። የገባው ውሃ 36 ሚሊ ሊትር ነው።

ስሌቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። ከ756 ወደ 817 የሚደረገው የግፊት ለውጥ ብቻውን ግማሽ ሊትር አየርን በ37 ሚሊ ሊትር ያህል ያሳንሰዋል፤ ከ16 ወደ 25 ዲግሪ የሚደረገው የሙቀት ለውጥ ደግሞ 3 በመቶ ያህል መልሶ ያሰፋዋል። ሙቀቱ ተሸነፈ እንጂ ሥራውን አልተወም፤ በሁለቱ ሃይላንዶች መካከል የታየው የ12 ሚሊ ሊትር ልዩነት የእርሱ ነው። ይህን ያህል በግልጽ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ባልዲው አጠገብ ቆሜ ከጓደኛዬ ጋር እጅ ተጨባበጥን።

ኅዳር 10

ሦስተኛው ትምህርት ዛሬ ማታ ተለቀቀ። የሚጀምረው በልጅቷ ጥያቄ ነው። ድምፅዋ ከክፍሉ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ አስቀድሜ እርሷንም እናቷንም ጠየቅሁ፤ እናትየው «ስሟ አይጠራ እንጂ ድምፅዋማ ይሰማ» አሉኝ። ልጅቷ ግን ያኔ ተጣድፋ ስለነበር እንደገና ልቅዳው አለችና በዕረፍት ሰዓት ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ቀዳችው፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ አራተኛውን መረጠች። በዚህ ትምህርት ላይ ውሃ ደሴ ላይ በ92፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ጨምሬበታለሁ፤ ሽምብራ እዚህ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡም የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ስልኩን ያዋሱት እናቶች ስለሆኑ ትምህርቱ እነርሱንም እንዲያነጋግር ፈለግሁ።

ኅዳር 13

የምርጫ ጥያቄውን ቃላቱን ለውጬ ደገምሁት፤ በዚህ ጊዜ ከኮምቦልቻ ተዘግቶ ወደ ደሴ ስለሚወጣ ሃይላንድ ነበር የጠየቅሁት። ከ24ቱ 19ኙ ትክክለኛውን መረጡ። ሽምብራውን በተመለከተ ደግሞ በድምፅ ከመጡት መልሶች ሰባቱ የእናቶች ናቸው። አንዲት እናት ከኮምቦልቻ አግብተው ወደ ደሴ ሲመጡ በመጀመሪያው ወር የቀቀሉት ሁሉ ጥሬ እየሆነ እንደተቸገሩ ተርከዋል። ክፍል ውስጥ ሳሰማው ልጆቹ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ሁለት ደቂቃ የፈጀውን ይህን ድምፅ በፈቃዳቸው ወደ ቻናሉ አስገብቼዋለሁ።

ኅዳር 18

ፕራክቲከሙ በሚቀጥለው ሳምንት ያበቃል። አጋዥ መምህሬ ቻናሉንና ግሩፑን ሊረከቡኝ ፈቅደዋል። ዛሬ ባለቤትነቱን ላስተላልፍ ስሞክር ቴሌግራም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዳበራና ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን እንድጠብቅ ጠየቀኝ፤ አብርቼዋለሁ። ርክክቡ እንግዲህ ኅዳር 25 ይሆናል ማለት ነው። ፒያሳ ያለው ወጣት ጋ ሄጄም ፎልደሩን አደስሁ፤ እስከ ዛሬ ስንት ልጅ እንዳስጫነ ሲቆጥር 17 ደርሷል፤ ከእነርሱ ውስጥ የእኛ ክፍል ያልሆኑም አሉ። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠዋ ልጅ ዛሬ ደግሞ ሌላ ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፤ አውሮፕላን ከኮምቦልቻ ሲነሣ ውስጡ ያለው ሰው እንደ ሃይላንዱ ለምን እንደማይነፋ ጠይቃለች። ለአራተኛው ትምህርት ከሰባቱ ቀናት ሦስቱ ይበቁኛል።